ዋጋ ሲወርድ በኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ ቤት መግዛት፦ ለባልና ሚስት ዝርዝር መመሪያ

የቤት ዋጋ መውረድ ሲጀምር ወሬው ሁሉ "ትንሽ ብንታገስ ገና ይወርዳል" ይሆናል። አሮጌ ቤት ለሚፈልጉ ባልና ሚስት የወረደ ገበያ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ግን ጊዜ ነው። ገበያው ሲጋጋል ገዢ ቅዳሜ ከሰዓት ያየውን ቤት ሳያስመረምር ማታውኑ ይፈርማል። ሲቀዘቅዝ ሻጩ ይጠብቃል፤ መሐንዲስ ይገባል፣ የፍሳሽ ቧንቧ በካሜራ ይታያል፣ የከተማው መዝገብ ይፈተሻል። ሁለት መቶ ዓመት ዝናብ የወረደበትን የጡብ ግድግዳ ጠንቅቆ ማወቅ ከአምስት በመቶ ቅናሽ ይበልጣል።

መመሪያው የቨርጂኒያዋን አሌክሳንድሪያ፣ በተለይም ኦልድ ታውን የሚባለውን ጥንታዊ ሰፈሯን ይመለከታል። ከተማዋ በ1749 በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩባትም የከተማው አስተዳደር ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በመመሪያው የምንጠቀምበት የ800,000 ዶላር ቤት ምሳሌ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው፤ በኦልድ ታውን ዋጋቸው ከዚህ በጣም የሚበልጥ ቤቶች ሞልተዋል።

1. ቤት ከማየት በፊት ገንዘቡን አስተካክሉ

አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። እቁብ የወጣለት ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው፣ የመንግሥት ዋስትና በሌለው የኮንቬንሽናል ብድር ከወር ገቢያችሁ ግማሽ በላይ የሆነ አንድ ገቢ ተቀማጭ ምንጩን በወረቀት ማሳየት ግድ ይላል። የእቁብ ገንዘብ ሳይመዘገብ በጥሬው ከመጣ አበዳሪው ከቅድሚያ ክፍያው ሊቀንሰው ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን ቀደም ብሎ ባንክ አስገብቶ ከሁለት ወር በላይ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ሰነድ ማዘጋጀት ነው፦ የፌዴራል መንግሥቱ ዋስትና የሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር በአባላት የሚተዳደር የቁጠባ ማኅበርን እንደ ሕጋዊ የገንዘብ ምንጭ ይቀበላል፤ ነገር ግን የመዋጮውን መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ይፈልጋል። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን በንጽሕና እንዲይዝ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው።

እቁባችሁ ወጥቶላችሁ ገና እየከፈላችሁ ከሆነ ያ ክፍያ በክሬዲት ሪፖርት አይታይም። አበዳሪው ባያየውም እናንተ ከወር ወጪያችሁ ጋር ደምሩት።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው የሁለት ዓመት የግብር ወረቀት ይጠየቃል፤ የሚታየው ደግሞ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው። በግብር ጊዜ ገቢን ዝቅ አድርጎ ያሳየ ሾፌር በብድር ጊዜ ያንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ይቀርባል። አንድ ነገር ግን ይረዳል፦ በማይል የሚቀነሰው ወጪ ውስጥ የመኪናው እርጅና ስላለበት አበዳሪው ያንን መልሶ ከገቢ ላይ ይደምረዋል። በ2024 ከማይሉ 67 ሳንቲም 30ው የእርጅና ነበር። 30,000 ማይል የነዳ ሰው 9,000 ዶላር፣ ማለትም በወር 750 ዶላር ገቢ ይመለስለታል። የብድር ሠራተኛው ይህን ማስላቱን ጠይቁ፤ የሚዘነጋ አለ።

የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ሁኔታም የብድሩን ዓይነት ይወስናል። ከግንቦት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ኤፍኤችኤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ተበዳሪ ይፈልጋል፤ ሌላ ሕጋዊ ፈቃድ ያላችሁ በኮንቬንሽናል ብድር መንገድ ሂዱ። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማትፈልጉ ደግሞ በሰሜን ቨርጂኒያ ከወለድ ነጻ የቤት ፋይናንስ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ።

ቢያንስ ሦስት አበዳሪ ጠይቁ። በ45 ቀን ውስጥ የተደረጉ የሞርጌጅ ክሬዲት ፍተሻዎች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነጥባችሁ ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ። ማመልከቻ በገባ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የብድሩን ወለድና ወጪ የሚዘረዝረው "ሎን ኢስቲሜት" የተባለው ወረቀት ይደርሳችኋል፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ወለዱን ብቻ ሳይሆን የአበዳሪውን ክፍያዎችም አወዳድሩ።

አሁን ወደ "እንጠብቅ ወይስ እንግዛ" ስሌት። 800,000 ዶላር ቤት፣ 10 በመቶ ቅድሚያ፣ 720,000 ብድር፣ ለ30 ዓመት በ6.5 በመቶ፦ ዋናውና ወለዱ በወር 4,551 ዶላር ገደማ ነው። ጠብቃችሁ ዋጋው 5 በመቶ ወርዶ 760,000 ቢሆን፣ ወለዱ ግን ወደ 7 በመቶ ቢወጣ፣ የ684,000 ብድር ወርሃዊ ክፍያ ያው 4,551 ዶላር ነው። የግማሽ ነጥብ የወለድ ጭማሪ የአምስት በመቶ ቅናሽን ይበላዋል። ስለዚህ ቤቱ ትክክል ሆኖ ወርሃዊው ከተቻለ የገበያውን ወለል ለመያዝ ብላችሁ አትቆዩ።

ይህ ማለት ዋጋ ከገዛችሁ በኋላ አይወርድም ማለት አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ከ2006 እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ የቤት ዋጋ ሲሶ ያህል ወድቋል። ክፉኛ የተጎዱት ወለዱ በመሃል የሚቀያየር ብድር የወሰዱና በዚያው ሰሞን ለመሸጥ የተገደዱ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንመክራለን፦ ወለዱ ቋሚ የሆነ ብድር ውሰዱ፤ ቢያንስ ሰባት ዓመት እንደማትለቁ ካልተማመናችሁ በወራጅ ገበያ አትግዙ። ከክሎዚንግ (ቤቱ በስማችሁ ከሚዞርበት የመጨረሻ ፊርማ) በኋላም የስድስት ወር ወጪ በእጃችሁ ይቅር። አሮጌ ቤት ገንዘብ የሚጠይቀው በመጀመሪያው ክረምት ነው።

2. ሁለታችሁ ለየብቻ ጻፉ፣ ከዚያ ተነጋገሩ

አብሮ ማውራት ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ "ይህ ካለው አልገዛም" የምትሉትን ሦስት ነገር በወረቀት አስፍሩ። በኦልድ ታውን ብዙውን ጊዜ የሚያጣሉት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የመኪና ማቆሚያ፣ የደረጃው ጥበትና የመታጠቢያ ቤት ቦታ።

አሮጌዎቹ ተያያዥ ቤቶች ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ አላቸው፤ መታጠቢያውም ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ነው። እናት ለአራስ ልጃቸው ከአገር ቤት መጥተው ስድስት ወር የሚቀመጡ ከሆነ፣ ጉልበታቸው ያንን ደረጃ በቀን ስንቴ ይወጣል? ምድር ላይ ሽንት ቤት ከሌለ የሚጨመርበት ቦታ መኖሩንና ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ።

ወጥ ቤቱንም በራሳችሁ አኗኗር መዝኑት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ማለት ነው። አሮጌ ወጥ ቤት ውስጥ በተለመደው ባለ 15 አምፒር መስመር ለረዥም ሰዓት ሊጫን የሚገባው 12 አምፒር ነው። እንጀራ ሲጋገር ብሬከሩ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 20 አምፒር መስመር መዘርጋት ይኖርበታል። ቁሌቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ከሌለ ደግሞ ግድግዳ መብሳት ይመጣል፤ ያ ግድግዳ ከመንገድ የሚታይ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ክፍል አንብቡ።

3. ቤቱ በየትኛው ታሪካዊ ክልል ውስጥ እንዳለ አረጋግጡ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን የግል ባለቤትን እጅ አያስርም። እጅ የሚያስረው የከተማው ክልል ነው። በአሌክሳንድሪያ ሁለት አሉ፦ በ1946 የተቋቋመው የኦልድ ታውን ክልልና በ1984 የተቋቋመው ፓርከር ግሬይ። ፓርከር ግሬይ ጥቁር አሜሪካውያን የመሠረቱት ሰፈር ነው። የዚያችው ከተማ ሰፈር የሆነው ዴል ሬይ ቤቶቹ አሮጌ ቢሆኑም ከሁለቱ ክልሎች ውጭ ነው፤ የፈቃድ ጣጣ የማይፈልጉ ጥንዶች ቢያዩት ጥሩ ነው።

በሁለቱ ክልሎች ከመንገድ የሚታየውን የቤቱን ውጫዊ ገጽታ ለመለወጥ የሥነ ሕንፃ ገምጋሚ ቦርዱን ወይም ባለሙያዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት ቀለም ያልነካው ጡብ ያለ ፈቃድ አይቀባም። ከ25 ስኩዌር ጫማ በላይ የውጭ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ማፍረስ ራሱን የቻለ የማፍረስ ፈቃድ ይጠይቃል። በጥንት ቤት ፊት ላይ ርካሹ የቪኒል መስኮት እንደ ደንቡ ተቀባይነት የለውም፤ ስለዚህ መስኮቶቹ ካረጁ ለእያንዳንዱ የእንጨት መስኮት ዋጋ አስገምቱ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ኦፈር (በጽሑፍ የሚቀርብ የግዢ ጥያቄ) ከማስገባታችሁ በፊት የቤቱን አድራሻ ይዛችሁ የከተማውን የፕላንና ዞኒንግ ቢሮ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በቤቱ ላይ የተሰጡ የቦርድ ፈቃዶች፣ የግንባታ ፈቃዶችና ያልተዘጉ ጥሰቶች። የቀድሞው ባለቤት ሳያስፈቅድ የቀየረውን መስኮት አሁን ያለው ባለቤት እንዲያስተካክል ሊገደድ ይችላል፤ ያ ባለቤት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ጓሮ ላይ የተቀጠለ ክፍል ካለ ፈቃዱ ካልተገኘ አትለፉት።

የቨርጂኒያ ሕግ እዚህ ላይ አይደግፋችሁም። ሻጩ በሚፈርመው የማሳወቂያ ቅጽ ላይ ስለ ቤቱ ሁኔታም ሆነ በታሪካዊ ክልል ውስጥ ስለመሆኑ ምንም እንደማያረጋግጥና ገዢው ራሱ ማጣራት እንዳለበት ተጽፏል። ያልጠየቃችሁት ነገር ሁሉ በእናንተ ላይ ያርፋል።

ከክልሉ ደንብ ሌላ "ኢዝመንት" የሚባል አለ፦ የቀድሞ ባለቤት ቤቱን ለመጠበቅ ለአንድ ተቋም የሰጠው ዘላለማዊ ግዴታ ነው፤ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። አንዳንዱ የውስጡን ምድጃና ደረጃ ሳይቀር ያግዳል። የታይትል (የቤቱ ባለቤትነት መዝገብ) ፍተሻ ያወጣዋል፤ ግን ያኔ ብዙ ገንዘብ ወጥቷልና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

4. ወራጅ ገበያን ማንበብ

ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ትፈርማላችሁ። ክፍያው መደራደሪያ አለው፤ ጊዜውንም አጭር አድርጉት። ኤጀንት ስትመርጡ በሁለቱ ታሪካዊ ክልሎች ስንት ቤት እንዳሸጠ ጠይቁ። የአገር ልጅ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ቤት ግን አሮጌ ጡብ ማወቁ ይቀድማል።

የአካባቢው የሽያጭ መረጃ ኤጀንቶች በሚጠቀሙበት ብራይት ኤምኤልኤስ በተባለው የመረጃ ቋት ላይ ይገኛል። ኤጀንታችሁን ለእያንዳንዱ ቤት አራት ቁጥር አስወጡት፦ የመጀመሪያው የተጠየቀ ዋጋ፣ የአሁኑ፣ ገበያ ላይ የቆየበት ጠቅላላ ቀንና ከዚህ በፊት ኮንትራት ገብቶ የፈረሰ መሆኑ። ሻጮች ቤቱን አውርደው እንደገና በመለጠፍ የቀኑን ቆጠራ ከዜሮ ስለሚያስጀምሩ ጠቅላላውን ቀን መጠየቅ አለባችሁ። ኮንትራቱ የፈረሰበት ቤት ላይ "ኢንስፔክሽኑ (የቤቱ ምርመራ) ምን አገኘ?" በሉ።

ቤት ከቤት ማወዳደር በኦልድ ታውን ያስቸግራል። በኩዊን ስትሪት ላይ በ1830 የተሠራው ሰማያዊ ቤት ስፋቱ 7 ጫማ ብቻ ነው፤ ከአጠገቡ ሰፋፊ ቤቶች አሉ። ስኩዌር ጫማን በዶላር ማባዛት እዚህ ያሳስታል። የተሻለው መለኪያ የከተማው የግብር ግምት ነው፤ ለማንም ክፍት ሆኖ በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ባለፉት 90 ቀናት የተሸጡ ስድስት ወይም ስምንት ተቀራራቢ ቤቶችን ውሰዱ፣ የተሸጡበትን ዋጋ ለግብር ግምታቸው አካፍሉ፣ መካከለኛውን ያዙ። አብዛኞቹ በግምታቸው 94 በመቶ ከተሸጡ፣ 850,000 የተገመተው ቤት መነሻው 799,000 ገደማ ነው። ከዚያ የውስጡን ሁኔታ ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ ገማቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለማያይ አዲስ ወጥ ቤትም ሆነ የበሰበሰ ወለል ግምቱ ላይ አይታይም። ከስድስት ወር በፊት የተሸጠ ቤት በወራጅ ገበያ ማስረጃ አይሆንም።

በዚያው ድረ ገጽ ሻጩ መቼ፣ በስንት እንደገዛው ታያላችሁ። ዋጋ ጣሪያ በነካበት ዓመት በትንሽ ቅድሚያ የገዛ ሻጭ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ እሱ ቢፈልግም ዝቅ ማለት አይችልም። ሽያጩ "ሾርት ሴል"፣ ማለትም ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ የሚሸጥበት፣ ከሆነ የባንኩን ፈቃድ መጠበቅ ወራት ይፈጃልና ኪራያችሁ ሲያልቅ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ አስቡ። የጨረታ ቤት ለመጀመሪያ ገዢ አንመክርም፤ ውስጡን ሳያዩ አሮጌ ቤት መግዛት ነው።

5. ቤቱን በእጃችሁ ፈትሹት

ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ማግኔትና አንድ ብይ ይዛችሁ ሂዱ። የምትወዱትን ቤት ሁለት ጊዜ እዩ፤ አንዱ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን።

ከውጭ ጀምሩ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ጡብ ለስላሳ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። እርጥበት በኖራው በኩል ይወጣል። በኋላ ዘመን በሲሚንቶ ከተሞላ ግን መውጫው ስለሚዘጋ ውሃው በጡቡ ውስጥ ይቆያል፤ ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የጡቡ ፊት ይላጣል። ማጣበቂያውን በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ኖራ ይቦናል፣ ሲሚንቶ አይነካም። የተላጠ ጡብና ሲሚንቶ አንድ ላይ ካያችሁ ሲሚንቶውን በእጅ አውጥቶ በኖራ መተካት ይመጣል፤ ውድ ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ ኮከብ የመሰለ ብረት ካለ ውስጥ ለውስጥ የሚወጥር ዘንግ አለ ማለት ነው። ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ግን ግድግዳው አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነበርና መሐንዲስ ይየው። አሸንዳውን ተከተሉ፤ ውሃውን ከቤቱ ሥር የሚያፈስ ከሆነ ምድር ቤቱ እርጥብ ነው።

ከዚያ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ጡቡ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጫፉን በካቻቢቴ ውጉት፤ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ከግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካያችሁ ውሃ ይመላለሳል። አዲስ ቀለም የተቀባ ምድር ቤት በሽያጭ ሰሞን ሲገጥማችሁ ግድግዳውን ዳስሱት፣ አሽትቱትም።

ውሃ ወደ ቤቱ የሚገባበትን ቧንቧ ፈልጉ። ጫር ስታደርጉት ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ግራጫ ከሆነ፣ ማግኔትም ካልያዘው እርሳስ ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ውስጡ በዝገት ስለሚጠብ የውሃው ግፊት ይደክማል። የውሃ አቅራቢዎች የእርሳስ ቧንቧ ዝርዝር እስከ ጥቅምት 2024 እንዲያዘጋጁ ስለተገደዱ በአድራሻ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ፎቅ ላይ ብዩን መሬት አስቀምጡት። በአሮጌ ቤት መንከባለሉ የተለመደ ነው። ወደ አንድ ግድግዳ በፍጥነት ከሮጠና በዚያው ግድግዳ ልስኑ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካለ ግን ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ጣሪያ ሥር ስትወጡ በነጭ የሸክላ መያዣ ላይ የተዘረጋ የድሮ ሽቦ ካያችሁ ዋጋችሁን ቀንሱ፤ ብዙ ኢንሹራንስ ያንን ቤት አይቀበልም።

ለወንዙ ቅርብ ከሆነ፣ በተለይ የኪንግ ስትሪት ታችኛው ጫፍ አካባቢ፣ የጎርፍ ካርታውን እዩ። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለሕንፃው እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ለምድር ቤት የሚሰጠው ሽፋን ደግሞ በጣም ውስን ነው።

6. ኦፈሩን መጻፍ

በወራጅ ገበያ ከዋጋው ይልቅ የኦፈሩ ሁኔታዎች ይጠቅሟችኋል። እንዲህ አድርጋችሁ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፦

ቀብድ ከ1 እስከ 2 በመቶ።
ለኢንስፔክሽን 10 ቀን፣ ኮንትራቱን የማፍረስ መብት ያለው።
ለዋጋ ግምትና ለብድር 21 ቀን።
ክሎዚንግ በ45 ቀን።
ሻጩ በቤቱ ላይ ያልተዘጋ የከተማ ጥሰት እንደሌለ የሚያረጋግጥበት አንቀጽ።

ከሻጩ ገንዘብ ስትጠይቁ በዋጋ ቅናሽና በክሎዚንግ ድጋፍ መካከል ምረጡ። 10 በመቶ ለከፈለ ገዢ የ10,000 ዶላር ቅናሽ ወርሃዊውን የሚቀንሰው በ57 ዶላር ብቻ ነው። ያው 10,000 ለክሎዚንግ ወጪ ቢሰጣችሁ ግን ገንዘባችሁ በእጃችሁ ይቀራል፤ ለሽቦውና ለአሸንዳው ይሆናል። ለአሮጌ ቤት ሁለተኛውን እንመርጣለን። ጣሪያ ግን አለው፦ በኮንቬንሽናል ብድር ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ10 በመቶ ካነሰ ሻጩ ሊሰጥ የሚችለው እስከ 3 በመቶ ነው፤ ልክ 10 ሲሞላ እስከ 6 ይደርሳል። 9 በመቶ ያላችሁ ሰዎች አንድ በመቶ ብትጨምሩ የመደራደሪያ ሜዳችሁ እጥፍ ይሆናል። በኤፍኤችኤ ጣሪያው 6 በመቶ ነው። ድጋፉ ከትክክለኛው የክሎዚንግ ወጪ መብለጥ አይችልም፤ የተረፈው ለሻጩ ይመለሳል።

በኤፍኤችኤ የምትገዙ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ የተላጠ ቀለም ካለ ክሎዚንግ ሳይደርስ መስተካከል አለበት። በቀዘቀዘ ገበያ ሻጩ ይህን ለመሥራት ፈቃደኛ ይሆናል፤ በሞቀ ጊዜ ግን ኦፈራችሁን የሚያስጥለው ይኸው ነው።

7. አሥሩ የምርመራ ቀናት

ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ኮንትራቱ ሲጸድቅ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከአጠቃላዩ ኢንስፔክተር ሌላ ሦስት ሰው እንፈልጋለን፦ አሮጌ ግንብ የሚያውቅ መሐንዲስ፣ የፍሳሽ ቧንቧውን እስከ መንገዱ ድረስ በካሜራ የሚያይ ሰውና የምስጥ መርማሪ። የፍሳሹ ቧንቧ በአሮጌ ቤት ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ የዛፍ ሥር በመገጣጠሚያው ገብቶ ይዘጋዋል፣ ጥገናውም የባለቤቱ ነው። ከመሬት የሚወጣውን ጎጂ የሬዶን ጋዝ ምርመራ ጨምሩ፤ 4 ፒኮኩሪ በሊትር ከደረሰ ማስወጫ ማስገጠም ይመከራል።

ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት የፌዴራሉ ሕግ የእርሳስ ቀለምን ለማስመርመር 10 ቀን ይሰጣችኋል። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ወይም ካረገዛችሁ ይህን መብት በፊርማ አትተዉት። እርሳሱ የሚጎዳው በመስኮት መክፈትና መዝጋት ከሚፋቀው ቀለም በሚወጣው ብናኝ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው የመስኮት ደፎችን ቅድሚያ ይስጥ።

በእነዚሁ ቀናት የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጡ። ጡብና ኖራ ያለው ቤት እንደነበረ መልሶ መገንባት ከገበያ ዋጋው ሊበልጥ ስለሚችል "ሙሉ የመልሶ ግንባታ ወጪ" የሚሸፍነውን ጠይቁ፤ የፍሳሽ መመለስንም ጨምሩ። ኦልድ ታውን ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ የሚሄድባቸው መንገዶች አሉት፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወደ ምድር ቤት ሊመለስ ይችላል።

ሪፖርቱ ረዥም ሆኖ ይመጣል። ትንንሹን ተዉትና በአምስት ላይ ተደራደሩ፦ መሠረት፣ ጣሪያ፣ ሽቦ፣ ቧንቧ፣ ውሃ። ሻጩ ራሱ እንዲጠግን ከመጠየቅ ገንዘቡን ውሰዱ፤ ለመልቀቅ የቸኮለ ሰው ጡቡን በሲሚንቶ አስሞልቶ ሊሄድ ይችላል።

8. ግምት፣ ክሎዚንግና የስማችሁ አጻጻፍ

በወራጅ ገበያ የአበዳሪው ገማች ከተስማማችሁበት ዋጋ በታች ሊገምት ይችላል። ለ780,000 ተስማምታችሁ 755,000 ቢመጣ፣ ልዩነቱን ሻጩ ይቀንሳል፣ ትካፈላላችሁ፣ እናንተ ትከፍላላችሁ ወይም ትተዉታላችሁ። ገማቹ ቤቱን ከታሪካዊው ክልል ውጭ ካሉ ቤቶች ጋር አወዳድሮት ከሆነ በክልሉ ውስጥ የተሸጡ ሦስት ቤቶችን ይዛችሁ ግምቱ እንደገና እንዲታይ በአበዳሪው በኩል ጠይቁ። እንደዚያም ሆኖ ካልተለወጠ ልዩነቱን ከኪሳችሁ አትክፈሉ።

ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉ። በቨርጂኒያ የዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ምዝገባ ግብር ለግዛቱና ለከተማው ተደምሮ በየ100 ዶላሩ 33 ሳንቲም ገደማ ነው፤ በዋጋውም በብድሩም ላይ ይታሰባል። በ800,000ው ምሳሌ ከ5,000 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። የቤት ግብሩ በ2024 በየ100 ዶላሩ 1.135 ዶላር ነበር፤ በዓመት 9,080፣ በወር 757 ዶላር መሆኑ ነው። ቅድሚያችሁ ከ20 በመቶ ካነሰ አበዳሪውን የሚጠብቀው የሞርጌጅ ኢንሹራንስም ይጨመራል።

ክሎዚንግ የሚሠራውን ድርጅት የመምረጥ መብት የገዢው ነው። ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት የባንክ ቁጥሩን በኢሜይል በመጣው ስልክ ሳይሆን ከመጀመሪያው በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ መንገድ የተሰረቀ ቅድሚያ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የመጨረሻው የወጪ ዝርዝር ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ይደርሳችኋል፤ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩት። የባለቤት የታይትል ኢንሹራንስ ግዴታ ባይሆንም ግዙ፤ ቤቱ ብዙ ትውልድ በተሸጠ ቁጥር የተረሳ ወራሽ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል።

ዲዱ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደሚጻፍ የምትወስኑት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ለክሎዚንግ ድርጅቱ አትተዉት። በቨርጂኒያ ባልና ሚስት "ቴናንትስ ባይ ዘ ኢንታየርቲ" ተብለው፣ አንዱ ቢሞት ለሌላው የሚተላለፍ መሆኑ በግልጽ ተጽፎ ከተመዘገቡ፣ ለአንዱ ብቻ ያበደረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን መንካት አይችልም፤ ቤቱም ያለ ፍርድ ቤት ጣጣ ለቀሪው ይሆናል። ይህ ስያሜም ሆነ የመተላለፉ ቃል ካልተጻፈ የሟቹ ድርሻ ወደ ወራሾች ይሄዳል። በሕግ ያልተጋባችሁ ከሆናችሁ ይህ ዓይነቱ አይፈቀድላችሁም፤ "ጆይንት ቴናንትስ" ከመተላለፍ መብት ጋር ይጻፍላችሁ። ጋብቻው በአገር ቤት የተፈጸመ ከሆነ የተተረጎመ የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ከፊርማው በፊት ባለው ቀን ቤቱን አንድ ጊዜ እንደገና ዙሩ። ሁሉንም ቧንቧ አሥር ደቂቃ ክፈቱ፣ ማሞቂያውንም ማቀዝቀዣውንም አስነሱ፣ ዕቃ ተከምሮበት የነበረውን ግድግዳ እዩ። ትልቅ እድሳት ካሰባችሁ ቨርጂኒያ ለታሪካዊ ቤት እድሳት ከወጪው 25 በመቶ የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፤ ለመኖሪያ ቤት የሚወጣው ገንዘብ ከሕንፃው የግብር ግምት ሩብ ማነስ የለበትም፣ ሥራውም የግዛቱን የታሪካዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት መስፈርት ማሟላት አለበት። ስለዚህ ዕቅዱን አስገብታችሁ መልስ ሳታገኙ መዶሻ አታንሱ።